ረድፉ ወለድ፣ ዓምዱ ዘመን

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሒሳብ በጻፍሁ ቍጥር «ይህ ነገር ለደመወዝተኛ ምን ይረባዋል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ዛሬ የማወጋችሁ ከኪሳችሁ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ይኸውም የሁለት ተለዋዋጮች ፈንክሽን የሚባለውን በኮምፒውተር በሰንጠረዥ ስለ ማስፈር ነው። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ። በደብተር ጀርባ ላይ ታትሞ የምናየው የማባዣ ሰንጠረዥ ምንድን ነው? ከላይ አንድ ቍጥር፣ ከጎን አንድ ቍጥር፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቤት ደግሞ መልሱ። ሁለት ነገር ትሰጡታላችሁ፣ አንድ ነገር ይመልስላችኋል። የሁለት ተለዋዋጮች ፈንክሽን ማለት ይኸው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ በእጅ ማዘጋጀት ቀድሞ እንዴት ያለ መከራ ነበር! እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1790ዎቹ ዓመታት ደ ፕሮኒ የተባለው የፈረንሳይ መሐንዲስ ታላላቅ የሎጋሪዝም ሰንጠረዦችን ሲያሠራ፣ ሥራውን ከፋፍሎ አብዛኛውን ከመደመርና ከመቀነስ በቀር ሌላ ሒሳብ ለማይጠየቁ ሠራተኞች አስረክቦ ነበር። ኮምፒውተር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ በዚያ ዘመን የሚያሰላ ሰው መጠሪያ እንጂ የመኪና ስም አልነበረም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በሰንጠረዦቹ ስሕተት ተማርሮ በ1822 በጥርስ መዘውር የሚያሰላ መኪና ለመሥራት ዐሳብ አቀረበ፤ ነገር ግን በሕይወቱ ሳለ ሳይፈጽመው ቀረ። ከነደፋቸው መኪናዎች የሁለተኛው የስሌት ክፍል በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ተሠርቶ ያለቀው በ1991፣ ማለትም በተወለደ በሁለት መቶኛው ዓመት ነው። ሥዕሉን ብቻ ይዘው ሠሩት፤ ሠራም።

ዛሬ ይህን ሁሉ የሚሠራልን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አለ። በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ካወጡ ወዲህ፣ ረድፍና ዓምድ ያለው ወረቀት በመስታወት ላይ ተዘርግቶ አንድ ቍጥር ሲለወጥ ሌላው ሁሉ ራሱን ያስተካክላል። ኤክሴል በ1985 ተከተለ። ለሒሳብ ሰዎች ደግሞ ማትላብና ማቲማቲካ፣ ገንዘብ ለማይከፍልባቸውም ኦክቴቭና ሊብሬ ኦፊስ አሉ። እኔ ግን እንደ ታዘብሁት ብዙ ጸሐፊ ኤክሴልን ከፍቶ ስም ዝርዝር ይጽፍበታል፣ ድምሩን ግን በኪስ ማስያ ይሠራል! በሬ ገዝቶ በዶማ እንደ መቈፈር ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። አንድ ሰው 100,000 ብር ሊበደር አሰበ እንበል። የወር ክፍያው በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በዓመቱ ወለድና በመክፈያው ዘመን ርዝመት። ቀመሩ እንዲህ ነው፦ የዓመቱን ወለድ ለ12 አካፍላችሁ የወሩን ወለድ ታገኛላችሁ። አንድ ላይ የወሩን ወለድ ደምራችሁ በወሮቹ ብዛት ልክ ራሱን በራሱ ታባዙታላችሁ፤ አንድን በዚህ ውጤት አካፍላችሁ የተገኘውን ከአንድ ትቀንሳላችሁ። በመጨረሻም ብድሩን በወሩ ወለድ አባዝታችሁ በዚያ ቀሪ ታካፍላላችሁ። በእጅ ለአንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ይቻላል፤ ለዐሥራ ሁለት ጊዜ ሲሆን ግን ማን ይታገሠዋል? ኮምፒውተሩ ያወጣው እነሆ፤ ሳንቲሙን አስቀርቼዋለሁ።

ወለድ ከመቶ 12፦ በ3 ዓመት 3,321፤ በ5 ዓመት 2,224፤ በ10 ዓመት 1,435፤ በ20 ዓመት 1,101 ብር።
ወለድ ከመቶ 15፦ በ3 ዓመት 3,467፤ በ5 ዓመት 2,379፤ በ10 ዓመት 1,613፤ በ20 ዓመት 1,317 ብር።
ወለድ ከመቶ 18፦ በ3 ዓመት 3,615፤ በ5 ዓመት 2,539፤ በ10 ዓመት 1,802፤ በ20 ዓመት 1,543 ብር።

እስቲ የመካከለኛውን ረድፍ በጣታችሁ ተከተሉት። ከ5 ዓመት ወደ 10 ዓመት ስትሻገሩ የወሩ ክፍያ በ766 ብር ያህል ይቀንሳል፤ ይህ ለአነስተኛ ደመወዝተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ከ10 ወደ 20 ስትሻገሩ ግን የሚቀንሰው 297 ብር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህች 297 ብር የምትከፍሉት ምንድን ነው? በ10 ዓመት ጠቅላላ የምትከፍሉት 193,600 ብር ገደማ ሲሆን፣ በ20 ዓመት 316,000 ብር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከተበደራችሁት ገንዘብ ይበልጣል። ዘመኑን ሠላሳም ዐርባም ብታደርጉት ክፍያው በዚህ ረድፍ ከ1,250 ብር በታች ከቶ አይወርድም፤ ምክንያቱም 1,250 ብር የወሩ ወለድ ብቻ ነውና፣ ከዚያ በታች የሚከፍል ሰው ዕዳው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በሰያፍም ማየት ደግ ነው። በ15 ወለድ የ10 ዓመቱ ክፍያ 1,613፣ በ18 ወለድ የ20 ዓመቱ ክፍያ 1,543 ብር ነው። በወር የሚለያዩት በ70 ብር ነው። «ሰባ ብር ይቅርብኝ» ብሎ ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ጠቅላላ የሚከፍለው 370,400 ብር ገደማ ነው። አንድ ቍጥር ብቻ ለብቻው ቢነገረው ይህን አያይም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያሳየው ሰንጠረዡ ነው።

ሰንጠረዥ ወደ ኋላም ይነበባል፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ የምወድለት ጠባይ ይህ ነው። አንዳንድ አበዳሪ ወለዱን የሚያስበው በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው። «ከመቶ 15፣ ለ5 ዓመት» ይላችኋል። በዓመት 15,000፣ በ5 ዓመት 75,000 ብር ወለድ መሆኑ ነው፤ ከዋናው ጋር 175,000፤ ለ60 ወር ሲካፈል በወር 2,917 ብር። በእኛ ሰንጠረዥ የ15 ረድፍ ላይ ግን የ5 ዓመቱ ክፍያ 2,379 ነበር። ታዲያ 2,917 የሚገኘው በየትኛው ረድፍ ነው? ረድፎቹን ወደ ታች አስረዝሟቸው፤ በ24 ወለድ 2,877፣ በ25 ወለድ 2,935 ይወጣል። እንግዲህ 15 የተባለው ወለድ በቀሪ ዕዳ አሳሰብ በ24 እና በ25 መካከል ያለ ነው ማለት ነው። የዋናውን ዕኩሌታ ከመለሳችሁ በኋላ እንኳ ስለ ሙሉው ወለድ ስለምትከፍሉ ነው። አበዳሪው ዋሽቶ አይደለም፤ አሳሰቡን ቢጠይቁት ይናገራል። የማይጠይቀው ተበዳሪው ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። በኤክሴል ወይም በሊብሬ ኦፊስ በመጀመሪያው ዓምድ፣ ማለትም በኤ ሥር፣ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምራችሁ ወለዶቹን ጻፉ፤ በመጀመሪያው ረድፍ ከቢ ጀምራችሁ ዓመታቱን ጻፉ። ሁለቱ በሚገናኙበት በመጀመሪያው ቤት ፒ ኤም ቲ የተባለውን ፈንክሽን አስገቡ፤ የሚጠይቃችሁም በተራ የወሩን ወለድ፣ የወሮቹን ብዛትና የብድሩን ልክ ነው። ብድሩን በቅናሽ ምልክት ብትጽፉት ክፍያው በድማሪ ይወጣላችኋል። ከዚያ ያንን አንድ ቤት ገልብጣችሁ በሌሎቹ ላይ መሳብ ነው።

እዚህ ላይ ግን የዶላር ምልክት የምትባለውን አትዘንጉ። ምልክቷ ከዓምዱ ፊደል በፊት ስትቀመጥ ዓምዱን ታስራለች፤ ከረድፉ ቍጥር በፊት ስትቀመጥ ረድፉን ታስራለች። ወለዱ ሁልጊዜ ከኤ ዓምድ፣ ዓመቱ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ረድፍ መምጣት ስላለበት ለወለዱ ፊደሉን፣ ለዓመቱ ቍጥሩን ማሰር ያስፈልጋል። የዓመቱ ረድፍ ሳይታሰር ቀርቶ ወደ ታች ቢሳብ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ሁለተኛው ቤት ዓመቱን ከበላዩ ካለው ቤት ይወስዳል፤ በዚያ ያለው ግን 3,321 የሚል ክፍያ ነው። ኮምፒውተሩም ሳያጉረመርም ብድሩን በ3,321 ዓመት አሰልቶ 1,250 ብር ይላችኋል። ከዚህ በታች ያለው ቤት ደግሞ 1,500 ይላል። ሁለቱም ለዓይን ደኅና የሚመስሉ፣ ሙልጭ ብለው ዝቅ ያሉ ክፍያዎች ናቸው፤ ተበዳሪም ደስ ብሎት ሊፈርምባቸው ይችላል። ግልጽ ከሆነ ስሕተት ይልቅ እውነት የሚመስል ስሕተት ይከፋል።

በማቲማቲካ የሚሠራ ቴብል የተባለውን ትእዛዝ ይጽፋል፤ በፓይተን ደግሞ አንዱን ዙር በሌላው ዙር ውስጥ ማስገባት ነው። በማቲማቲካ መጀመሪያ የጠራችሁት ተለዋዋጭ ረድፍ ይሆናል። በማትላብ ሜሽግሪድ የተባለው ትእዛዝ ግን መጀመሪያ የጠራችሁትን ወደ ጎን፣ በየዓምዱ ያሰልፈዋል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ሰንጠረዡ ተጋድሞ ይጠብቀዋል። ተማሪዎቼ ይህን ለመመርመር ዘወትር የማባዣ ሰንጠረዥ ያሠሩታል፤ ነገር ግን 3 ጊዜ 5 እና 5 ጊዜ 3 እኩል ስለሆኑ ቢገለበጥም አይታወቅም። መፈተኛው ማባዛት ሳይሆን መቀነስ ይሁን፤ 3 ሲቀነስ 5 እና 5 ሲቀነስ 3 ምልክታቸው ይለያያልና ወዲያው ይጋለጣል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ወለዱን ከ0.1 እስከ 0.3 በ0.1 እየደመራችሁ እንዲሄድ ብታዝዙት ሦስተኛው ረድፍ ሊጠፋባችሁ ይችላል። አንድ ዐሥረኛ በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ አጻጻፍ ተጽፎ የማያልቅ ቍጥር ስለሆነ፣ 0.1 ሦስት ጊዜ ተደምሮ ከ0.3 በኢምንት ይበልጥና መኪናው «አለፈ» ብሎ ያቆማል። መድኃኒቱ በ1፣ 2፣ 3 መቍጠርና በኋላ ለ10 ማካፈል ነው። ሁለተኛው፣ ወለድ የሌለበት ብድር፣ ለምሳሌ ከዘመድ ወይም ከመሥሪያ ቤት የተገኘ ቢሆን፣ ቀመሩን በእጃችሁ ከጻፋችሁት በዜሮ ማካፈል ይመጣና ቤቱ ስሕተት ይላል። የዜሮን ረድፍ ለብቻው ብድሩን ለወሮቹ በማካፈል ሙሉት፤ ለ5 ዓመት 1,667 ብር ይመጣል። ፒ ኤም ቲ ግን ይህን ራሱ ያውቃል።

ምናልባት «ብድሩ 100,000 ካልሆነስ፣ ሦስተኛ ተለዋዋጭ አይሆንምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይሆናል፤ ነገር ግን የዋህ ተለዋዋጭ ነው። ብድሩ ዕጥፍ ሲሆን ክፍያውም ዕጥፍ ይሆናልና አዲስ ሰንጠረዥ አያስፈልገውም። ሰንጠረዡን ለ1,000 ብር ብቻ ሥሩት፤ በ15 ወለድ ለ5 ዓመት 23.79 ብር ይላል። 37,000 የሚበደር በ37 አባዝቶ 880 ብር ከ23 ሳንቲም ያገኛል። የአገልግሎትና የኢንሹራንስ ክፍያ ቢኖር ከዚህ ውጭ ስለሆነ እርሱን ለብቻ ጠይቃችሁ ከግርጌው መዝግቡ። ሰንጠረዡም በአንድ ገጽ ስለሚያልቅ አትማችሁ ለመፈረም በምትሄዱበት ቀን ይዛችሁት ሂዱ፤ ወለዱና ዓመቱ ሲነገራችሁ ቤቱን በጣታችሁ ለማግኘት ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድባችሁም።