እንደ ጉም የበነነ ሕዝብ የለም

የሰሜን አሜሪካ ነባር የሆነው የሱስኩሃኖክ ሕዝብ ታሪክ ሲተረክ ግዙፎች ነበሩ ተብሎ ይጀመርና ጠፉ ተብሎ ይዘጋል። ግዙፎች ያላቸው እንግሊዛዊው ካፒቴን ጆን ስሚዝ ነው፤ በ1608 እ.ኤ.አ. በቼሳፒክ ወሽመጥ ሲያገኛቸው ቁመታቸውንና ድምፃቸውን አግንኖ ጻፈ፤ የአንዱንም ምስል በካርታው ላይ አስቀመጠ። ቁመቱ ይቆየን። እኔን የሚያናድደኝ መዝጊያው ነው።

በሽታና ከኢሮኮይ ሕዝቦች ጋር የተደረገው ረጅም ጦርነት እንዳመናመናቸው አልክድም። ይሁን እንጂ በ1675 ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዛሬ ስንትና ስንት ኢትዮጵያዊ ከሚኖርበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ጦር ምሽጋቸውን ከበበ። አለቆቻቸው ለድርድር ወጡ፤ ተገደሉ። ከከባቢዎቹ አዛዦች አንዱ ጆን ዋሽንግተን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ቅድመ አያት ነው። የሜሪላንዱን አዛዥ ቶማስ ትሩማንን የገዛ ግዛቱ ምክር ቤት ቢከሰውም የረባ ቅጣት አላገኘውም።

የተረፉት ጥቂቶች ፔንሲልቬንያ፣ ኮኔስቶጋ ላይ ሰፈሩ። በ1701 ከግዛቲቱ መሥራች ከዊልያም ፔን ጋር የወዳጅነት ውል ገቡ፤ ውላቸውንም ጠብቀው ኖሩ። ታኅሣሥ 1763 ፓክስተን ከተባለው ሰፈራ የተነሡ ነጭ ታጣቂዎች መጥተው ስድስቱን ገደሉ፣ መንደሩን አቃጠሉ። ከፍርስራሹ የፔን ውል ብራናው ተገኘ! አሥራ አራቱ ለጥበቃ ተብለው ላንካስተር ከተማ ሲታሰሩ፣ ያው ጭፍራ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ጨረሳቸው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1764 ድርጊቱን የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳተመ። ለፍርድ የቀረበ ግን አንድም ሰው የለም።

ይህን ሁሉ «ጠፉ» ብሎ ማለፍ ገዳይን ከተጠያቂነት ማሸሽ ነው። ሃያዎቹን «የመጨረሻዎቹ» ማለትም የባሰ ነው፤ ታጣቂዎቹ ሳይጨርሱ የተዉትን በብዕር መጨረስ ይሆናል። ማይክልና ሜሪ የተባሉ ባልና ሚስት በአንድ ገበሬ ቤት ተጠልለው ተርፈዋል። ከዚያ በፊትም ብዙዎቹ፣ በምርኮም በፈቃድም፣ ከኢሮኮይ ሕዝቦች ጋር ተቀላቅለው እዚያ ወልደዋል፣ እዚያ ከብደዋል። ስለዚህ ለሙዚየም ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው መዝጊያውን ከመጻፉ በፊት ከኢሮኮይ ሕዝቦች አንዱ የሆኑትን ሴኔካዎችን ሄዶ ይጠይቅ፤ አሉ፣ አድራሻቸውም የታወቀ ነው።