መጠይቁ ሄደ፤ መልሱስ?

«በመረጃ ላይ የተመሠረተ ውሳኔ» የምትለዋን ሐረግ ሰምተን ጠግበናል። ባለሥልጣን ይላታል፣ ለጋሽ ይላታል፣ ባነር ላይ ትታተማለች። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፤ የማን መረጃ? ለማንስ ውሳኔ?

መርሳን እንይ። ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወርዱ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ መጠይቁን ይዞ ይመጣል። እናቶች የት እንደወለዱ፣ ስንት ልጅ እንደሞተባቸው ሳይቀር ይነግሩታል። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ውጤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀበሌው አይመለስም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አይደል የሚባለው?

«ዋናው ሚኒስቴሩ ማወቁ ነው» የሚሉን አሉ። እሺ፣ ሲያውቅስ? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች ታሰቡ። በሳንባ ምች የሚያቃስት ሕፃን ሲመጣባቸው ግን አንቲባዮቲክ መስጠት አይፈቀድላቸውም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በሽታውን ማከም እንደሚችሉ በጋራ መግለጫ ያሳወቁት በ2004 ነው። የእኛ ፖሊሲ የተለወጠው በ2010። ስድስት ዓመት! የሳንባ ምች ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ከዚያስ? አዲሱ አሠራር በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ተፈተሸ፤ ውጤቱ በ2016 ታተመ። ሕክምናው ቀበሌ ድረስ ወርዶም በሕፃናት ሞት ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ምክንያት ተብሎ የቀረበው ወደ ጤና ኬላ የሚመጡት የታመሙ ሕፃናት ጥቂት መሆናቸው ነው። ለምን አልመጡም? ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እናትየዋ ናት። ስትጠየቅ የምትመልሰው እሷ፣ ውጤቱ የማይነገራትም እሷ!

እና ውጤቱን መመለስ ምጽዋት አይደለም፤ ፖሊሲው እንዲሠራ የሚያደርገው እሱ ነው። በ2021ዱ ጦርነት ጤና ተቋማቱ ለተዘረፉበት ሰሜን ወሎ ደግሞ ምን ይቅደም የሚለውን የሚመልስ መረጃ ቅንጦት ሊሆን አይችልም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሀብሩ ላይ የተሠራ ጥናት ሁሉ አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያስረክብ፤ ያላስረከበ አይመረቅ። ጽሕፈት ቤቱም የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ከነምክንያቱ በየጤና ኬላው ይለጥፍ። ማንበብ ለማትችል እናት በቡና ሰዓት ይነበብላት።

ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ነገ መጠይቅ ይዛችሁ የሰው ደጅ ትቆማላችሁ። በዚያው ደጅ መልስ ይዛችሁ ካልተመለሳችሁ፣ ባለሥልጣኑን ለመውቀስ ምን አፍ አለን?