ሜዳው ሳያልቅ ግድግዳው ይናገር

ሱሉልታዎች፣ እስቲ አጥራችንን እዩት።

ከእንጦጦ ቁልቁል ወርዶ ወደ ጫንጮ የሚዘልቀውን አስፋልት ግራና ቀኝ እዩት። ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ደግሞ ብሎኬት። ላዩ ላይ የተጻፈውስ? «እዚህ መሽናት ክልክል ነው»። «የሚሸጥ ቦታ»፣ ከነስልክ ቁጥሩ። አልፎ አልፎ ደግሞ ቤቱ እንደሚፈርስ የሚያረዳ ቀይ ኤክስ። በቃ። ጎጃም የሚሄደው፣ ደብረ ሊባኖስ የሚሳለመው፣ ፍቼ የሚገባው መንገደኛ ሁሉ በደጃችን ሲያልፍ ስለ ራሳችን የምንነግረው ይህንኑ ነው።

ከአጥሩ ጀርባ ግን ሜዳው አለ። ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ መስከረም አደይ የሚለብስ፣ ዝናቡ ሲያባራ ድርቆሹ የሚታጨድበት፣ ለአዲስ አበባ ወተት የሚሆነው ሣር የሚበቅልበት ሜዳ። ከባህር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ረግረግ ነው፤ ብርዱን እኛ እናውቀዋለን፣ ጎህ ሲቀድ የሚሮጡበት አትሌቶቻችንም ያውቁታል። ስለ ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች በዓለም ደረጃ አስፈላጊ ከሚሏቸው የወፍ መኖሪያዎች አንዱ ብለው መዝግበውታል። እኛስ? አፈር ደፋንበት። አጥር አጠርንበት። ጀርባችንን ሰጠነው።

እንግዲህ ጥሪው ይኸው ነው። ሜዳውን ወደ መንገዱ እናውጣው! ወፉን፣ ምንጩን፣ ሣሩን፣ ፈረሱን በግድግዳችን ላይ እንሳል። ያለንን እናክብር፣ የሚጠፋውን እናሳይ፣ የሚያጠፋውን እንጠይቅ። በቀለም፣ በአደባባይ፣ በቀን ብርሃን። ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው እንደደረቀ እንጀምር።

ከማን እንጀምር? ከጠፋችው እንጀምር።

አንዲት ወፍ አለች። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። በረግረግ ሣር ውስጥ እየተሹለከለከች ትኖራለች፤ ስትበር ብቻ ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል። በዓለም ላይ የቀሩት የደረሱ ወፎች 250 እንኳ እንደማይሞሉ ይገመታል። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ተመራማሪዎች ከዚሁ ከእኛ ሜዳ መዝግበዋታል። እያደር ግን ሱሉልታ ላይ ወሬዋ እየጠፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ ዓለም አካባቢ በበርጋ ረግረግ ስትገኝ ግን የዚያ አገር ሰዎች ዝም አላሉም፤ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው ሊጠብቋት ተደራጁ። ገበሬዎች ናቸው፣ እንደ እኛው ከብት አላቸው፣ እንደ እኛው ሣር ይፈልጋሉ። ግን ተደራጁ።

ይህችን ወፍ በከተማው ትልቁ ግድግዳ ላይ ሳሏት። አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆነውን ወፍ አራት ሜትር አድርጋችሁ ሳሏት! ከስሯም አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ከሱሉልታ ማን አባረረኝ?» በአፋን ኦሮሞም ጻፉት፣ በአማርኛም ጻፉት። የሚያልፍ ሁሉ ያንብበው።

ከእሷ ቀጥሎ ያሉትን ሳሉ። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም የትም የማይገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሳሉ። ጠዋት በጫጫታዋ የምትቀሰቅሰንን ጋጋኖ ሳሉ። እነዚህ ገና አሉ። ገና አብረውን ናቸው። ለቅሶ ብቻ አይሁን ግድግዳችን፤ ደስታም ይኑርበት፣ ቢጫው እንደ ቢጫ ይብራ፣ ሰማያዊው ይድመቅ።

ውሃውን ሳሉ። የሱሉልታ ውሃ የት እንደሚሄድ ስንቶቻችን እናውቃለን? ሙገር ይገባል፣ ሙገር አባይ ይገባል። ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ያልገዛ፣ ከደመወዙ ያልተቆረጠለት ማን አለ? ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ያላጨበጨበ ማን አለ? እንግዲያውስ ወደዚያ ከሚወርደው ውሃ አንዱ ጫፍ እዚህ፣ ከአጥራችን ጀርባ ነው። ይህን በሰማያዊ ቀለም፣ ከአንዱ አጥር ጀምሮ እስከ መንገዱ ማዶ የሚሄድ አንድ ረጅም መስመር አድርጋችሁ ሳሉት። አንዱ ሲጨርስ ጎረቤቱ ይቀጥል።

ደግሞ ጄሪካኑን ሳሉ። ቢጫውን ጄሪካን! ከተማችን ውስጥ ውሃ አሽገው የሚሸጡ ፋብሪካዎች አሉ፤ በዚያው ከተማ እናቶች ለውሃ ተራ ይይዛሉ። ይህን ማንም ሰው ሊያስተባብለን አይችልም፣ በየቀኑ እናየዋለን። በግራ በኩል የተደረደረ ጄሪካን፣ በቀኝ በኩል ፕላስቲክ ጠርሙስ ጭኖ የሚወጣ መኪና። ስድብ አያስፈልግም። ስም መጥራትም አያስፈልግም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል።

ግድግዳ በዚህ አገር ቀልድ ሆኖ አያውቅም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሌሊት ግድግዳ ላይ መፈክር ጽፈው የተገደሉ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዘመን አብዮት አደባባይ የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ግዙፍ ምስል ተሸክሞ ቆሟል። መንግሥት ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ ነጋዴም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ቢልቦርድ የሚከራየው። ያላወቅነው ባለ ግድግዳዎቹ ነን።

ሌሎች ግን አውቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የናይሮቢ ሠዓሊዎች ከመብት ተሟጋቹ ከቦኒፌስ ምዋንጊ ጋር ሆነው ፖለቲከኞቻቸውን በከተማው መሀል በጥንብ አንሳ መስለው ሳሏቸው። (ጥንብ አንሳው ግን ምን በደለ? እሱም ዛሬ በአፍሪካ እየጠፉ ካሉት ወፎች አንዱ ነው። በእኛ ግድግዳ ላይ ወፍ ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ አይሆንም!) እ.ኤ.አ. በ2019 ካርቱሞች በጦር ሠራዊቱ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ዙሪያውን በሥዕል ሞሉት። በኒው ዮርክ ሐርለም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአየር ንብረት ለውጥ የሚያሰጋቸውን ወፎች በሱቅ መዝጊያ ላይ ይስላሉ፤ ሱቁ ሲዘጋ ወፉ ይወጣል። የሱሉልታ ባለ ሱቆች፣ የብረት በራችሁ ማታ ማታ ባዶውን ነው የሚያድረው። ለአንድ ወፍ አትሰጡትም?

ሩቅ መሄድም የለብንም። መካኒሳ ሂዱና ዞማ ሙዚየምን እዩ። ኤልያስ ስሜ እና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ያ ቦታ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ አያቶቻችን ቤት የሠሩበት ያው ጭቃ፣ ያው ጭድ። እጅ የነካው፣ ጣት የቀረጸው ግድግዳ ነው። ጭቃና ጭድ እኛ ጋ ጠፋ?

እናንተ የሰበታ ሰዎች፣ የፋብሪካ ፍሳሽ የተሸከመው ወንዛችሁ የሚሳል ነገር አላጣም። የመናገሻ ሱባ ደንም ደጃችሁ ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ታሪክ ነው። እናንተ የቡራዩ ሰዎች፣ ገፈርሳ በእጃችሁ ነው፤ አዲስ አበባ ስትጠጣው የኖረችው ውሃ ነው። እኛ ከወዲህ፣ እናንተ ከወዲያ፣ ዋና ከተማዋን እንደ መቀነት እንዙራት!

አሁን ወደ ሥራው።

ብሎኬት ቀለም ይጠጣል፤ ቀለም ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አቧራውን በብረት ብሩሽ አራግፉ። ውሃ አርከፍክፉበት። ኖራ ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ በመሀል ይድረቅ። ከዚያ ገመድ በከሰል ለውሳችሁ፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ወጥሮ ይዞ፣ ሦስተኛው በጣቱ ስቦ ይልቀቀው፤ ቀጥ ያለ መስመር ግድግዳው ላይ ይቀራል። ግንበኛ ሁሉ ያውቃታል ይህችን ብልሃት። ግድግዳውን እንዲህ ካሬ ካሬ አስምሩት። ደብተር ላይ ያለውን ትንሹን ሥዕልም በዚያው ቁጥር ከፋፍሉት። አንዱ የደብተር ካሬ ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ይሁን። ከዚያ ካሬ በካሬ መገልበጥ ነው። ሥዕል ተምሮ የማያውቅ የሰባተኛ ክፍል ልጅ በዚህ መንገድ አራት ሜትር ወፍ ያወጣል። ቆርቆሮ ከሆነ ዝገቱን ፋቁ፣ አንቲረስት ቀቡ፣ ከዚያ የዘይት ቀለም።

የብሩሹን እጣቢ ግን ወንዝ እንዳትደፉ። ያኔ ማን ማንን ይከሳል?

የባለቤቱን ፈቃድ ሳትጠይቁ አንድ ጠብታ ቀለም አታሳርፉ። በሌሊት ተደብቀን የምንሠራው ሥራ የለንም፣ የምናፍርበትም ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽ መብት ሰጥቶናል። በአንቀጽ 44 ደግሞ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት። ከእያንዳንዱ ሥዕል ስር «አንቀጽ 44» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ሌላ መፈክር ባትጽፉም ይበቃል።

«ቀለም ሜዳ ያድናል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ቀለም ብቻውን አያድንም። ወፏን ያየ ልጅ ግን አባቱን ይጠይቃል። አባት መልስ ሲያጣ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤታሞች አንድ ላይ ቢሮ ይሄዳሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ ደረሰ አልደረሰ ሳይባል፣ አካባቢ በሚበክል ላይ አቤት እንዲል ይፈቅድለታል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ስለዚህ ሥዕሉ ያለቀ ዕለት አቤቱታውም ተጽፎ ይለቅ፤ ቀለም የተቀባ እጅ ይፈርምበት። ሥዕል ያለ አቤቱታ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፣ አቤቱታም ያለ ሥዕል መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። ሁለቱን አጣምሩ።

«ይቀቡብናል» የሚልም አለ። ይቀቡ! ፎቶ አንሱት፣ ለሰው ሁሉ ላኩት፣ እንደገና ሳሉት። ባዶ ግድግዳ ብቻ ነው የማይቀባበት።

አንቺ ሥዕል የምትወጂ ተማሪ፣ ደብተርሽ ጀርባ ላይ የምትስዪውን ወደ አጥሩ አውጪው። አንተ ታፔላ የምትጽፍ ወንድሜ፣ ሥጋ ቤቱ ላይ ያንን የሚያምር በሬ የሳልክ፣ ሥራው ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ልጆቹን አስተምራቸው። የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች፣ ሱሉልታ ከስድስት ኪሎ እንጦጦን ተሻግሮ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ኑልን። መምህራን፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን ከወረቀት አውጡት። የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ረጅሙ ግድግዳ የእናንተ ነው፤ አጥራችሁን ስጡን፣ ፍሳሻችሁንም አጽዱ፣ ሁለተኛው ባይሆን የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃንም።

አባቶች፣ አባ ገዳዎች፣ ቀሳውስት፣ ሼኮች፣ ሜዳው በልጅነታችሁ ምን ይመስል እንደነበር ለሠዓሊዎቹ ንገሯቸው። ውሃው እስከ የት ይደርስ ነበር? የትኛው ወፍ በየትኛው ወር ይመጣ ነበር? የትኛው ምንጭ ደረቀ? እናንተ ካልነገራችሁን የምንስለው ከመጽሐፍ ነው፣ መጽሐፍ ደግሞ የሱሉልታን ምንጭ አንድ በአንድ አያውቅም። እማማ፣ ቡና ሲፈላ እዚያው ግድግዳው ስር ይፈላ። እድሮች፣ ለድንኳን የምናዋጣውን ያህል አንድ ጊዜ ለቀለም እናዋጣ። የሲኖና የአይሱዙ ሹፌሮች፣ የመኪናችሁ የኋላ በር ጥቅስ እንደሚይዝ ሁሉ ዝይ ይያዝ፤ እስከ ባሕር ዳር ይዛችሁት ሂዱ።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ከቤታችሁ ወጥታችሁ መጀመሪያ የምታዩት ባዶ ግድግዳ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ባለቤቱን አግኙት። «ወፍ እንሳልበት?» በሉት። እምቢ ካለ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። እሺ ካለ ኖራ ፈልጉ፣ ከሰል ፈልጉ፣ ገመድ ፈልጉ፣ ልጆቹን ጥሩ።

መሰላል ያለው ማነው?