የፕሮግራመሩ መሣሪያና የባለቤቱ ትዕግሥት

የዕቃ መዝገቡንና የሽያጭ ሒሳቡን በኮምፒዩተር የሚይዘው ነጋዴ ፕሮግራመር መቅጠሩ የማይቀር ሆኗል። ፕሮግራመሩ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት መሣሪያ ኤዲተር የሚባለው ጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። ከእነዚህም መካከል ማውስ ሳይነካ በቁልፍ ብቻ የሚሠራባቸው አሉ፤ በሰፊው የታወቁት ቪምና ኢማክስ ናቸው። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ስለ ሆኑ የሚያስከፍሉት ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው። አንዳንድ ባለቤት ሠራተኛው አዲሱን መሣሪያ ሲለማመድ ሥራው ለሁለት ሳምንት ሲዘገይ ባየ ጊዜ ደመወዙ በከንቱ የወጣ ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ የቅርቡን እንጂ የሩቁን ያላየ ነው።

የቪም አባት የሆነውን ቪአይን በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የጻፈው በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቢል ጆይ ነው። ጆይ ከቤቱ ሆኖ ይሠራበት የነበረው የስልክ መስመር በሴኮንድ 30 ያህል ፊደል ብቻ የሚያሳልፍ ነበር፤ ስለዚህ ትእዛዙ ሁሉ በአንድና በሁለት ፊደል አጠረ። «ዲ» እና «ደብልዩ» ተከታትለው ሲመቱ አንድ ቃል ይሰረዛል፤ «ዲ» ሁለት ጊዜ ሲመታ መስመሩ በሙሉ ይነሣል። ጀማሪውን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ለመጻፍ አስቀድሞ «አይ» የሚለው ቁልፍ ካልተመታ በቀር ፊደሉ ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይቈጠራል፤ ወደ ማዘዣው የሚመለሰውም በኢስኬፕ ቁልፍ ነው። ኢማክስ ግን ፊደሉን እንደ ፊደል ተቀብሎ፥ ትእዛዙን ኮንትሮል ከሚባለው ቁልፍ ጋር አጣምሮ ይሰማል።

ኢማክስ ብዙ ችሎታ ያለው መሆኑ አይካድም፤ ለንግድ ቤት ሠራተኛ ግን ቪም ይቀድማል። በገና ዋዜማ ደረሰኝ ማውጣት ቆመ፥ ደንበኛውም ተሰልፏል እንበል። ሰርቨሩ ያለው በሌላ አገር ነው። ፕሮግራመሩ በቀጭን መስመር ወደዚያ ሲገባ የሚያገኘው ፊደል ብቻ ያለበት ጥቁር ገጽ ነው፤ በዚያም ገጽ ላይ በአብዛኛው ተጭኖ የሚጠብቀው ቪአይ ወይም ቪም ነው። ከገባበት መውጫውን እንኳ የማያውቅ ሠራተኛ በዚያች ሰዓት ምን ይጠቅማል?

ከቪም ጋር የሚመጣው ቪምቱተር የተባለው መለማመጃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሁለት ሦስት ትእዛዝ መጨመር ይበቃል። አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ለጊዜው በቀድሞው ኤዲተር መሥራት ነውር አይደለም። ነውሩ ለወራት የኤዲተሩን መልክና ቀለም ሲያሳምር መዋል ነው፤ መደርደሪያውን ሲቀባ ዕቃ ሳይሸጥ እንደሚመሽበት ባለሱቅ ማለት ነው።

የዕቃ ስም በአማርኛ ለሚያስገባ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቁልፉ በአማርኛ እንደ ሆነ ከቀረ ቪም ትእዛዙን አያውቀውም፤ ከማዘዙ በፊት ወደ ላቲን ፊደል መመለስ አለበት። ልምምዱን ለመጀመርም ከበዓል ገበያ ሰሞን ይልቅ የሰኔ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ያሉት የክረምት ሳምንታት የተመቹ ናቸው።