ድንበሩን መልአክ አላሰመረውም

ረዘም ያለ ነው። ሳትጨርሱ ኮሜንት እንዳትጽፉ አደራ።

ትግራይ ትገንጠል ወይስ አትገንጠል የሚለው ክርክር ከፖለቲከኛው እጅ ወጥቶ ዓውደ ምሕረት ላይ ከቆመ ሰነባብቷል። እዚህ የካ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጽዋ ማኅበሩ፣ በቴሌግራም ግሩፑ የምሰማው ሁለት ድምፅ ነው። አንዱ "ኢትዮጵያ የእግዚአብሔር አገር ናት፤ መገንጠልን ማሰብ በራሱ ኃጢአት ነው" ይላል። ሌላው፣ በተለይ ውጭ ያሉ የትግራይ ወንድሞቻችን፣ "ስንሞት ዝም ያለን ሲኖዶስ አባት አይሆነንም፤ መንበራችንንም አገራችንንም ይዘን እንሄዳለን" ይላል።

እኔም ምእመን ነኝ። ትግራይ እንድትሄድም አልፈልግም። ግን ሁለታችሁም እግዚአብሔርን ያላለውን እያስባላችሁት ነው።

መጀመሪያ ወደ አንድነት ሰባኪዎቹ። እናንተ ዘንድ ቶሎ የሚጠቀሰው እንጦጦ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ደፉ። እሺ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን፣ ጣሊያን ከመረብ ማዶ ያለውን አገር "ኤርትራ" ብሎ ቅኝ ግዛቱ አደረገው። የውጫሌ ውል የተፈረመው ደግሞ ከዘውዱ በፊት፣ ሚያዝያ 1881 ነበር። ምኒልክን ልከስ አይደለም ይህን የማነሳው፤ ዘመኑ ክፉ ቀን ነበር፣ ከብቱ አልቆ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። ድንበር በውል፣ በጦርነትና በችግር የሚሰፋና የሚጠብ የሰው ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው። መልአክ አላሰመረውም። ዳዊትም በመዝሙሩ የተናገረው ኢትዮጵያ እጇን ስለ መዘርጋቷ ነው፤ ስለ ካርታ አልተናገረም።

ሰፈራችን ያለውን እንይ። የካ ተራራ ላይ ያለውን ከዐለት የተፈለፈለ ዋሻ ሚካኤል ትውፊታችን ለአብርሃና አጽብሃ ይሰጠዋል። ተመራማሪዎች ዘመኑን ወደዚህ ያቀርቡታል፤ እሱ ይቆየን። እኛ ግን የተራራችንን ቅድስና የምንቆጥረው ከአክሱም ነገሥታት ነው። ታዲያ ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በዚህችው ከተማ የትግራይ ተወላጅ ከቤቱና ከሥራው እየታፈሰ ታሰረ። ኢሰመኮ ራሱ እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በወቅቱ ተናግሯል። ያኔ "አንድ ነን" ባዩ ሰባኪ የት ነበር? ሰንበቴ ተራቸው ደርሶ ያልመጡ ሰዎች ነበሩ እኮ! "የት ደረሱ?" ብሎ የጠየቀው በጣት የሚቆጠር ነው። ሰውየውን አሳልፎ ሰጥቶ መሬቱን "አትሂድብኝ" ማለት አንድነት አይባልም።

አቡነ ማትያስ ራሳቸው የትግራይ ልጅ ናቸው። በ2013 ስለ ሕዝባቸው መከራ በቪዲዮ ሲናገሩ ሲኖዶሱ "የግላቸው አስተያየት ነው" አለ። ይፋዊው ይቅርታ የመጣው በሐምሌ 2015 ነው፤ ጦርነቱ ከተጀመረ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ። ፓትርያርኩ መቀሌ ሲሄዱ የትግራይ አባቶች አልተቀበሏቸውም፤ በዚያው ወር አክሱም ላይ የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ቀኖና ተጥሷል ስትሉ እስማማለሁ። ግን ቀኖና ከመቁጠራችን በፊት እስቲ ቀኑን እንቁጠር።

ራስን መቻል በራሱ ክህደት ነው የምትሉም አላችሁ። እኛ ራሳችን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ጳጳስ ከግብፅ ስናስመጣ ኖረን፣ የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1951 ዓ.ም. ነው። ጠይቀን፣ ተከራክረን፣ ተደራድረን። እኛ ስንጠይቅ መብት፣ ሌላው ሲጠይቅ ክህደት? እንዴት ሆኖ?

ሌላ መንገድም እናውቃለን። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን እናክብር በማለታቸው ብዙ ዘመን ተገፍተዋል፣ ተሰደዋል። ዘርዓ ያዕቆብ የዋህ ንጉሥ አልነበረም፤ ቢሆንም በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜ እንዲከበር ተወሰነ፤ እነሱም ከጳጳሳቱ ክህነት ተቀበሉ። የተገፋው ስለተሰማ ተመለሰ። በውግዘት አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ፣ "መንበራችንን ይዘን እንሄዳለን" ወደምትሉት። ቁስላችሁን አልክድም። ግን መረብን ተሻግራችሁ ተመልከቱ። ኤርትራ ሚያዝያ 1985 ሕዝበ ውሳኔ አደረገች፤ ቤተ ክርስቲያኗም ተከትላ ራሷን ቻለች። በ1996 አቡነ አንጦንዮስ ፓትርያርክ ሆኑ። መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ሥራ እጁን ሲያስገባ ተቃወሙ። ከመንበራቸው ተነሡ፤ ዓመታት በቁም እስር ቆይተው በየካቲት 2014 አረፉ። ያሰራቸው አዲስ አበባ አይደለም፤ ያው "የራሳችን" የተባለው መንግሥት ነው። መንበር አገር መመሥረቻ መሣሪያ ከሆነ፣ አገሩ በተመሠረተ ማግስት የባለሥልጣን ዕቃ ይሆናል። ነገ መቀሌ ላይ ያለውን ባለሥልጣን የሚገሥጽ ጳጳስ ከፈለጋችሁ፣ ዛሬ ጳጳሱን የባንዲራ ተሸካሚ አታድርጉት።

የመገንጠል ጥያቄ የራሱ ቦታ አለው። ወደድነውም ጠላነውም አንቀጽ 39 መንገዱን ጽፎታል፦ የክልሉ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ የፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፤ አብላጫው ሕዝብ ከደገፈው ሥልጣን ይተላለፋል፣ ንብረት ይከፋፈላል። እዚያ ውስጥ "ይፍታሽ" የሚል ካህንም "ውጉዝ" የሚል ጳጳስም የለም። መኖርም የለበትም። ድምፁ የገበሬው፣ የነጋዴዋ፣ ከቤቷ ተፈናቅላ መጠለያ የከረመችው እናት ነው።

የትግራይ ሕዝብ አስቦበት "እንሂድ" ቢል አዝናለሁ፤ አላወግዘውም። "እንቆይ" እንዲል የሚፈልግ ሰባኪ ግን ሥራው ብዙ ነው። ተፈናቃዩ ቀዬው እንዲመለስ በስም ጠርቶ ይጠይቅ። በጦርነቱ የሞተውን ሁሉ፣ ትግራዩንም አማራውንም አፋሩንም፣ በአንድ ጸሎተ ፍትሐት ያስብ። ከታሠሩት ጎረቤቶቹ የአንዱን ቤት አንኳኩቶ "እንዴት ሰነበታችሁ?" ይበል። ይህን ሳያደርግ ማይክ ይዞ "አትገንጠሉ" የሚለኝን ሰባኪ ከእንግዲህ አልሰማውም።

ሐሳብ ያለው ይምጣ፣ እንከራከር። ስድብ አጠፋለሁ፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን።