ሂስ ያለ ግለሂስ

ባለፈው ክረምት ከእህቴ ልጅ ጋር ፊልም ልናይ ተቀጣጠርን። ትኬት መቁረጫው መስኮት ጋ ልንደርስ ሁለት ሰው ሲቀረን ስልኩን አወጣና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ይቅርብን፤ አርባ ሦስት ነው» አለኝ።

«ምኑ ነው አርባ ሦስት?»

«ፐርሰንቱ ነዋ!» የፈረጠ አረንጓዴ ቲማቲም አሳየኝ።

ሰልፉን ትተን ወጣንና ማኪያቶ ጠጣን። ፊልሙን እኔም እሱም እስካሁን አላየነውም። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ለሦስት ሰው «ቀሽም ፊልም ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ደግሞ እርግጠኝነቱ! ሁለት ጊዜ ያየው ሰው እንኳን እንደዚያ አይናገርም።

ልጁን አልወቅስም። የምወቅሰው እኛን ነው፤ ስለ ፊልም እንጽፋለን የምንለውን። ሂስ ማለት ፍርድ ማለት ነው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። ፍርዱን በሁለት አሃዝ አሳጥሮ የሚሰጠው ሲያገኝ የኛን ሦስት ገጽ ለምን ያነባል?

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ሳይጠይቅ የሚያምነው ሰው ብዙ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሮተን ቶሜቶስ የሚባለው ድረ ገጽ የተጀመረው በ1998 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ነው። ሥራው ሂስ መጻፍ ሳይሆን ሌሎች የጻፉትን መቁጠር ነው። እያንዳንዱ ሂስ «ወዶታል» ወይም «አልወደደውም» ተብሎ ከሁለት ቅርጫት ባንዱ ይጣላል። ከሐያስያኑ 60 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ከወደዱት ፊልሙ ቀይ ቲማቲም ያገኛል፤ ከዚያ ካነሰ የፈረጠው አረንጓዴ ይለጠፍበታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ምን ያህል ወደዱት? ለምን ወደዱት? ቁጥሩ አያውቅም።

አስቡት እስቲ። መቶ ሐያስያን አንድ ፊልም አይተው ሁሉም «እህ… ደህና ነው፣ አይከፋም» ብለው ትከሻቸውን ነቅነቅ ቢያደርጉ ውጤቱ መቶ ከመቶ ነው። ሌላውን ፊልም ሃምሳዎቹ «ዕድሜ ልኬን አልረሳውም» ቢሉት፣ ሃምሳዎቹ ደግሞ ጠልተውት አዳራሹን ጥለው ቢወጡ ሃምሳ ያገኛል፤ የበሰበሰ ነው ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛውን ማየት ትፈልጋላችሁ? እኔ ያንን ያጣላውን ነው። ቁጥሩ የሚሸልመው ግን ማንንም የማያስቀይመውን፣ እንደ ቀበሌ አዳራሽ ግድግዳ ቀለም ያለውን ነው።

በ2023 ደግሞ ቫልቸር የተባለ የአሜሪካ ኅትመት አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ስም ላላወጡ ሐያስያን በአንድ ሂስ 50 ዶላርና ከዚያ በላይ ይከፍል እንደነበር ጽፎ ጉድ ተባለ። እኔ ሳነበው ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ማን ዶላር ያወጣል? በምርቃቱ ዕለት ቀይ ምንጣፍ ላይ አንድ ፎቶና አንድ ሳህን ክትፎ ይበቃናል።

የፊልም «ምርቃት» እንላለን አይደል? ቃሉ ራሱ አጋልጦናል። ከዚያ ምሽት በኋላ የሚጻፈው በእርግጥም ምርቃት ነው፤ የሚጠብቀውም አሜን ብቻ ነው። «ለሀገራችን የፊልም ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ የሚያበረክት»፣ «ተዋንያኑ ብቃታቸውን ያስመሰከሩበት»፣ «የካሜራ ጥራቱ እጅግ የሚደነቅ»። የፊልሙን ርዕስ አውጥታችሁ የሌላውን ብታስገቡበት አንዲት ቃል መቀየር አያስፈልጋችሁም። የምርቃት ተቃራኒው ደግሞ ርግማን ነው፤ እሱንም አላጣነውም። ምርቃቱ ላይ ያልተጠራው፣ ወይም ተጠርቶ ጥሩ ወንበር ያልተሰጠው፣ «የአማርኛ ፊልም ሞቷል» ብሎ ይጽፋል። የአማርኛ ፊልም ስንት ጊዜ እንደሞተ የቆጠረ ካለ ይንገረኝ።

ነገሩ ከቃሉም ሳይጀምር አይቀርም። ሂስ፣ ሐያሲ የምንላቸው የመጡት ከግዕዙ «ሔሰ» ነው፤ ነቀፈ፣ ወቀሰ ማለት ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ፖለቲካው መጣበት። በደርግ ጊዜ የኖረ ሰው «ሂስና ግለሂስ» ሲባል የሚታየው የስብሰባ አዳራሽ እንጂ ሲኒማ ቤት አይደለም። ተነስቶ የባልደረባውን ድክመት መናገር፣ ቀጥሎ ራስን ማጋለጥ። በኋላ ስሙ «ግምገማ» ሆነ እንጂ ወንበሩ ያው ነው። ታዲያ አንድ ዳይሬክተር «ፊልምህ ላይ ሂስ ልጽፍ ነው» ሲባል ላብ ቢያጠምቀው ይፈረድበታል? እኛም ስንጽፍ ሳናውቀው ሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ይሄ ጥሩ፣ ይሄ ደካማ፣ ይሄ ይታረም። አንድ ነገር ብቻ ረስተናል። በዚያ ክፉ ዘመን እንኳን ሂስ ከግለሂስ ጋር ነበር የሚሄደው። የፊልም ሐያስያን የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጣልነው።

ስለዚህ የራሴን ልናገር።

ከዓመታት በፊት አሁን በሌለ አንድ መጽሔት ላይ ስለ አንድ አዲስ ፊልም ጻፍኩ። ፖስተሩ ላይ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ይላል። ያኔ ለእኔ ይህ ሐረግ ብቻውን ወንጀል ነበር። ከአዘጋጁ ወገን በፍላሽ ተቀብዬ ቤቴ፣ ምሳ እየበላሁ፣ እያቋረጥኩ አየሁት። አንድ ሀብታም ቤት አለ፤ እንግሊዝኛ ለመናገር የምትታገል እመቤት አለች፤ ከእሷ የተሻለ እንግሊዝኛ የምትችል የቤት ሠራተኛ አለች። «በቤት ሠራተኛ ላይ የሚያላግጥ ርካሽ ቀልድ» ብዬ ጻፍኩ። ሐረጉ ደስ አለኝ። ጓደኞቼም ደወሉና «አፈር አስጋጥከው እኮ!» አሉኝ።

ከወር በኋላ ዘመድ አስገድዶኝ ፊልሙን አንድ እሁድ ከሰዓት በሞላ አዳራሽ ውስጥ ደግሜ አየሁት። አጠገቤ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። እመቤቲቱ እንግዶቿ ፊት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሰብራ ትናገራለች፤ ሠራተኛዋ ትሪውን እንደያዘች ቆም ትላለች። ምንም አትልም። ልታርማት ትችላለች፤ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም እንደምናውቅ ታውቃለች። ዝምታው ይረዝማል። ከዚያ ቡናውን ታስቀምጥና ትወጣለች። አዳራሹ ፈነዳ። እኒያ እናት በነጠላቸው ጫፍ ዕንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ለራሳቸው፣ ቀስ ብለው፣ «አይ የሰው ቤት!» አሉ።

እኔ ምሳዬን እየበላሁ ያ ዝምታ አልታየኝም። ምናልባት እዚያ ላይ አቋርጬው ውኃ ልቀዳ ሄጄ ነበር። ሳቁ በእመቤቲቱ ላይ እንጂ በሠራተኛዋ ላይ አልነበረም። ተዋናይቷ ትሪውን ይዛ የቆመችበትን ርዝመት የለካ ዳይሬክተር ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ስህተቴ የጣዕም ጉዳይ አልነበረም፤ እስክሪኑ ላይ ያለውን አላየሁም። ይህንን ግን አልጻፍኩም። መጽሔቱ ጋ ሄጄ «ተሳስቻለሁ» ማለት ሞት መሰለኝ።

ጆ ሞርገንስተርን የሚባል የኒውስዊክ ሐያሲ ግን ብሎታል። በ1967 «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሲወጣ ባንክ ዘራፊዎቹን እያሳቀ የሚያሳይ፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ደም የሚያፈስ ነገር ስለሆነ ብዙ ሐያስያን ምን ብለው እንደሚጠሩት ግራ ገባቸው። ቀልድ ነው? የወንጀል ፊልም ነው? ሞርገንስተርን አጣጥሎ ጻፈ። ያው ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ባለቤቱን ይዞ ከተመልካች ጋር ደግሞ አየው። አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ሲያይ የመጀመሪያው ጽሑፉ ፊልሙን እንደበደለ ገባውና በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው መጽሔት ላይ ፍርዱን ሽሮ አዲስ ሂስ ጻፈ።

በዚያው ወቅት ከ1940 ጀምሮ የኒው ዮርክ ታይምስ ሐያሲ የነበረው ቦስሊ ክራውዘር ያንኑ ፊልም ደጋግሞ አወገዘ፤ አንባቢ ሲቃወመው ይብስ አጠበቀ። በ1968 መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ፖሊን ኬል ደግሞ ዘ ኒው ዮርከር ላይ ረጅም መጣጥፍ አወጣች። «ድንቅ ፊልም ነው» ብሎ ለማቆም አንድ መስመር ይበቃት ነበር። እሷ ግን ሳቁ ለምን ጉሮሮ ላይ እንደሚቆም፣ ፊልሙ ተመልካቹን እንዴት አድርጎ የት እንደሚያደርሰው ትዕይንት እየቆጠረች አስረዳች። ፊልሙን የጠላ ሰው እንኳን ያንን ጽሑፍ አንብቦ የጠላውን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ከሦስቱ ጽሑፎች ሁለቱን «ወዶታል/አልወደደውም» ቅርጫት ውስጥ ብትጨምሩ ምን ይቀራል? ሞርገንስተርንንስ የትኛው ቅርጫት ውስጥ ትከቱታላችሁ?

«የትኬት ዋጋ ጨምሯል፣ ታክሲ አለ፣ ልጅ የሚጠብቅ የለም፤ ሰው የሚፈልገው ልሂድ አልሂድ የሚለውን ማወቅ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይገባኛል። ግን ለእሱ ሐያሲ አያስፈልግም። ያየ ጎረቤት መጠየቅ ይሻላል፤ ጎረቤታችሁ የምትወዱትን ያውቃል። እኔ የእናንተን አላውቅም። ልብ አንጠልጣይ የሚወደውንና የቤተሰብ ፊልም የሚወደውን ባንድ ሚዛን አስቀምጬ «ስድስት ከአሥር» ማለት ቲማቲምና በርበሬ ባንድ ቁና መስፈር ነው።

የውጭው ፍርድ ሲመጣማ እኛ ጭራሽ እንጠፋለን። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወሰደ፤ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት። እኔ በአማርኛ ካነበብኳቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ ሽልማቶቹን ቆጥረው ያበቃሉ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ፌስቲቫል ዋና ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ፈረንጆቹ ስለ ተራራው ውበት ጻፉ። ጥሩ፣ ተራራው ውብ ነው። ግን ፊልሙ ውስጥ ኤፍሬም የሚባል ልጅ አለ፤ እናቱ ሞታበት አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሄዷል፤ ቹኒ የምትባል በጉን አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት አስቧል፤ ልጁ ደግሞ የሚችለው ምግብ መሥራት ነው፤ ሳምቡሳ ጠብሶ እየሸጠ መሄጃውን ያጠራቅማል። ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱ እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚቀሰቅስ፣ አጎትየው ሲቆጣ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብቻ ሳይሆን እፍረትም እንዳለ፣ ይህንን ከካን ማንም ሊጽፍልን አይችልም። እኛ ነበርን መጻፍ ያለብን። እኛ «ካን ገባ!» ብለን ባንዲራ ለጠፍን።

ከእንግዲህ ምርቃት ስጠራ አልሄድም ብዬ ወስኛለሁ። ትኬቴን እቆርጣለሁ፤ ፍላሽ አልቀበልም። እንዲህ በማለቴ አንዳንድ ባልደረቦቼ «መጻደቅ» ይሉታል። ይበሉ።

ያ «ርካሽ ቀልድ» ያልኩበት ጽሑፍ መጽሔቱ ሲዘጋ አብሮ የተቀበረ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ ደወለልኝ። የመመረቂያ ጽሑፉን ስለ አማርኛ ፊልሞች እየሠራ ነው፤ የኔን ዓረፍተ ነገር ሊጠቅስ ፈልጎ የወጣበትን ቀን እንዳረጋግጥለት ነው። ስለ ትሪውና ስለ ዝምታው ልነግረው ጀመርኩ። የምለው እንዳልገባው ከትንፋሹ ታወቀኝ። ቆይ፣ ፊልሙን አይተኸዋል ወይ አልኩት።

«አይ፣ አላየሁትም» አለኝ በትሕትና። «የእርስዎን ሂስ ግን አንብቤዋለሁ።»