ካርቦን ብስክሌት ለፎገራ፦ ጎማው ይምጣ፣ ቴላዮው ይቅር

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል «ብስክሌት» የሚል ወጣት ባሕር ዳርም ወረታም አይጠፋም። ኢንተርኔት ላይ ብስክሌት የሚያማርጥ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ «ርካሽ ካርቦን» ከሚባለው፣ ለጠጠር መንገድ ከተሠራው ግራቭል ብስክሌት መድረሱ አይቀርም። ለፎገራ ሜዳ ያዋጣል?

በመጀመሪያ «ርካሽ» የሚለው ቃል ይመርመር። በውጭ ገበያ ርካሽ የሚባለው አዲስ ካርቦን ግራቭል 1,500 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣል። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነው። በ100 ብር ብቻ ቢሰላ እንኳ 150 ሺህ ብር ይሆናል፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር።

ጥቅሙ አይካድም። ግራቭል ብስክሌት 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጎማ ይይዛል። ሰፊ ጎማ ብዙ ንፋስ አይፈልግም፤ በጠጠር ላይ አይንሸራተትም፤ እጅንና ወገብንም ያሳርፋል። ማርሹ ለዳገት ይቀልላል። ካርቦኑም አይዝግም፣ ቀላል ነው።

ግን ቅለቱ ስንት ያተርፋል? ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ብስክሌት ቢይዝ 87 ኪሎ ያወጣል፤ 9 ኪሎ ቢይዝ 84። ልዩነቱ ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም። በሜዳው ላይማ የሚታገለው ከንፋስ ጋር እንጂ ከክብደት ጋር አይደለም። በዚያ ላይ ርካሽ ካርቦን የሚሠራ ፋብሪካ ለቴላዮው ያወጣውን የሚያካክሰው በቸርኬው፣ በፍሬኑና በማርሹ ነው። በዚያው ዋጋ የተሻለ ዕቃ የተገጠመለት አሉሚኒየም ሊገኝ ይችላል።

ጉዳቱ ክረምት ሲገባ ይገለጣል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲፈሱ ዋልካው በጎማና በሹካ መካከል ይጠቀጠቃል። አሸዋ የቀላቀለ ጭቃ ጎማው በዞረ ቁጥር ካርቦኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ድንጋይ የመታው ካርቦን ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ፣ ኋላም ድንገት ሊከዳ ይችላል። ብረት ግን ይጎብጣል፤ ያስጠነቅቃል። ሲሰነጠቅም የግቢ በር የሚበይደው ሰው ያነሳዋል። ካርቦን ልዩ ሙጫ፣ ፋይበርና ባለሙያ ይፈልጋል።

ጭነቱስ? ለገበሬውና ለነጋዴው ብስክሌት ጆንያና ጀሪካን የሚጫንበት ነው። አብዛኛው ካርቦን ቴላዮ ለዚህ ዓይነት ሸክም አልተሠራም።

«ስፖርቱስ?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በኬንያ ማሳይ ማራም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የግራቭል ውድድር ይካሄዳል። እዚያ መድረስ የሚሻ ወጣት ካርቦን ያስፈልገዋል፤ ከኋላው ግን መካኒክና መለዋወጫ ያለው ክለብ ሊኖር ይገባል። የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ይህን አይተካም።

ፎገራ ከውጭ የመጣን ነገር አይጠላም። ሩዝ በደርግ ዘመን ሲገባ እንግዳ ነበር። ገበሬው የተቀበለው ሌላውን ሰብል የሚያበሰብሰውን ውኃ ስለወደደለት ነው። ዛሬ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ የሚጠራው በአካባቢው ስም ነው። ብስክሌቱም በዚሁ ሚዛን ይመዘን፦ ሰፊ ጎማ፣ ቀላል ማርሽ፣ በገመድ የሚሠራ ፍሬን፣ ኋላ መጫኛ ያለው የብረት ቴላዮ።

መንግሥትም የ10 ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ስትራቴጂው ወረታ እንዲደርስ ከተፈለገ ብልጭልጩን ትቶ እንዲህ ያለውን ብስክሌትና መለዋወጫውን ያርክስ። ዘመድም «ምን ላምጣ?» ካለ፣ ሁለት ጥሩ ሰፊ ጎማና የካቴና መፍቻ ይበቃል።